ከቱሉ ዲምቱ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ፦ ከልጆችና ከእናቴ ጋር የትኛው ሐይቅ ይሻለናል?

የቱሉዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ? የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጆቹ ክረምቱን ሙሉ ቤት ታሽገው ከረሙ። ትምህርቱ ሳይከብድ አንድ ቀን ውሃ ዳር እናውላቸው ብለናል። አንዱ 5 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 11። እናቴም አብራን ትመጣለች፣ በጠቅላላው አምስት ነን፤ እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አይሆንላትም። መኪና የለንም። ሪዞርት ገብተን የወር ደሞዝ በትነን መምጣትም አንፈልግም። ያሰብነው ከመስቀል ቀጥሎ ያለውን እሁድ ነው። ቢሾፍቱ ሐይቁ ብዙ ነው ይባላል። ለእኛ የሚሆነው የቱ ነው? ልጆቹ መዋኘት ይችላሉ? እማዬ ደግሞ ምሳ ከቤት ካልያዝን አልሄድም ብላለች፤ ይዞ መግባት ይቻላል?

ከሆራ ማዶ
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቀኑን ቀይሪው። ከመስቀል ቀጥሎ ያለው እሁድ የሆራ አርሰዲ እሬቻ ነው። ክረምቱን በሰላም ላሻገረ ፈጣሪ ምስጋና ለማቅረብ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ከተማው ከዋዜማው ጀምሮ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋጋል፣ ታክሲ ማግኘት ዘበት ነው። ከ2012 ወዲህ ቅዳሜው አዲስ አበባ ላይ ስለሚከበር እናንተ ጋም መንገዱ ቀላል አይሆንም። በዓሉን ለማየት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ተነስታችሁ ኑ፣ ሲያዩት የሚያምር በዓል ነው። ግን የ5 ዓመት ልጅና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ ሽርሽር የሚወጣበት ቀን አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት አድርጉት። ከቻላችሁ ደግሞ ከእሁድ ቅዳሜ ይሻላል፣ ከቅዳሜ የሥራ ቀን።

የመስመሩ ሹፌር
ስለ ትራንስፖርት እኔ ልናገር፣ በዚሁ መስመር ነው የምሠራው። ቱሉ ዲምቱ ሆናችሁማ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል። ወደ ከተማ ተመልሳችሁ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም ነበር። ችግሩ ከቃሊቲ የሚነሳው ሚኒባስ እናንተ ጋ ሲደርስ ሞልቶ ነው፣ አንድ ሁለት ቦታ ቢገኝ ነው። ለአምስት ሰው ቦታ ስትጠብቁ ፀሐይ ይመታችኋል። ወይ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት አደባባዩ ላይ ቁሙ፣ ወይ እስከ ዱከም ተሳፍራችሁ ከዱከም ሌላ ያዙ። ሚኒባሶቹ አብዛኞቹ በገላንና በዱከም በአሮጌው መንገድ ነው የሚሄዱት፣ የፍጥነት መንገዱን ይዞ የሚወጣው ጥቂት ነው። ባቡሩን አታስቡት። የቢሾፍቱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ መነሻውም ለቡ በኩል ስለሆነ ለእናንተ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከተማው ውስጥ ባጃጅ ሞልቷል። ዋጋውን ግን ሳትገቡ ጨርሱ፤ እንግዳ መሆናችሁ ከታወቀ ሂሳቡ ይጨምራል።

ባቦጋያ ሰፈር
የትኛው ሐይቅ ለሚለው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን እናያለን ካላችሁ ባጃጅ ላይ ነው የምትውሉት። አንዱን ምረጡ።

ስሙን ከከተማው ጋር የሚጋራው ቢሾፍቱ ሐይቅ ከላይ ሆኖ ለማየት ነው። ዙሪያው ገደል ነው፤ ጫፉ ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብላችሁ ቡና ትጠጣላችሁ እንጂ ልጅ ውሃ የሚነካበት ቦታ አይደለም። ኩሪፍቱ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ዳርቻው ግን ሪዞርት ነው፤ አንቺ እንዳልሽው የደሞዝ ጉዳይ ይመጣል። ባቦጋያ ለእኔ ከሁሉም ያምራል። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው። ግን እዚያም ወደ ውሃው የሚያስገባችሁ የአንዱ ሎጅ ወይም ሆቴል በር ነው። የመግቢያ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ከውጭ ምግብ የማያስገቡም አሉ። ከብዙዎቹ ግቢ ወደ ውሃው የሚወርደው ደግሞ በደረጃ ነው፣ ለእናትሽ አይሆንም።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ሆራ ነው። የከተማው ሰው የሚዝናናበት ሐይቅ ነው። ጀልባ አለ፣ ዛፍ ጥላ አለ፣ ምንጣፍ ዘርግታችሁ ድፎ ዳቦ ብትቆርሱ የሚገረም የለም። ባጃጁን እስከ ታች አውርደን በሉት፣ እናትሽ ዳገቱን በእግሯ እንዳትወጣ ሲመለሱም እዚያው ይምጣ። ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ስጡት።

ሰበታ ነኝ
ቢሾፍቱ በሰው ተጨናንቋል፣ ወንጪ ሂዱ እንጂ! እዚያም እሳተ ገሞራ የሠራው ሐይቅ ነው፣ መሀሉ ላይ ደሴት አለ፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። ፈረስ ይከራያል፣ ፍል ውሃ አለ። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያስገባው ያለ ነገር አይደለም።

የመስመሩ ሹፌር
ወንድሜ ወንጪን ማን ይጠላል። ግን ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ በአምቦም ሆነ በወሊሶ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን፣ በሕዝብ ትራንስፖርት፣ ከአሮጊት ጋር? እናትየዋ ሐይቁን ሳያዩ ይተኛሉ።

ሰበታ ነኝ
እሱስ ልክ ነህ። ለአዳር ስትዘጋጁ ግን አስቡት። ብርድ ልብስ አትርሱ፣ ደጋ ነው።

ዋና አስተማሪው
መዋኘቱን ሁሉም ዘለለው፣ እኔ ልመልስ። እህቴ፣ ልጆቹን ሐይቅ ውስጥ አታስገቢ። አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች እንደ ላንጋኖ ቀስ እያለ የሚጠልቅ አሸዋ የላቸውም። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የቆፈረው ጉድጓድ ነው ውሃ የሞላው። ቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ 87 ሜትር ይደርሳል፣ ባቦጋያ ከ60 በላይ፣ ሆራም ከ30 በላይ ነው። ዳር ላይ ውሃው ጉልበት ድረስ ሆኖ ታያለሽ። ሁለት እርምጃ ስትጨምሪ እግርሽ መሬት ይፈልጋል፣ መሬት የለም። ከታች ደግሞ ድንጋዩ በአረንጓዴ ነገር ተለብጦ ያንሸራትታል። ዋና የሚችል ትልቅ ሰው ባቦጋያ ላይ ይዋኛል፣ አልከለክልም። የ5 ዓመት ልጅ ግን እጁን ይዘሽ እግሩን ይታጠብ፣ በቃ። ጀልባ ላይም የሕይወት አድን ጃኬት ሳይሰጧችሁ እንዳትነሱ። «ቅርብ ነው፣ አያስፈልግም» ካላችሁ ሰውዬ ጋር አትሳፈሩ። ልጆቹ የግድ ውሃ ውስጥ እንግባ ካሉ፣ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች በቀን ሂሳብ ያስገባሉ።

የቱሉዋ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እሁዱን ተውነው፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ያለው ቅዳሜ ሆኗል። ሆራ ተመርጧል፣ ዋናው ቀርቷል (ትልቋ ልጅ አኩርፋለች)። አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። እማዬ ጽጌን ስለምትጾም ዶሮው ተሰርዟል፤ እዚያ ደህና የጾም ምግብ ይገኛል? ከሆራ ሌላስ ሳንደክም የምናየው አንድ ነገር አለ? ልጁ ወፍ ይወዳል።

ከሆራ ማዶ
ጽጌ የፈቃድ ጾም ስለሆነ እንደ ዐቢይ ጾም ሁሉም ቤት በያይነቱ አይደረድርም፤ ግን ጠይቃችሁ አታጡም። ለጥንቃቄ ሽሮና ጎመኑን ከቤት ያዙ፣ ቡናም በፔርሙዝ። የዱከም ቁርጥ ለእናንተ መንገድ ላይ ማለፊያ ብቻ ሆነ ማለት ነው፣ አይዟችሁ። ጾም ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትጀምሩብኝ።

ወፍ ወዳዱ
ለልጁ ጨለለቃ! እዚያው ከተማው ዳር ነው። እንደ ሌሎቹ ጥልቅ አይደለም፤ ክረምት ሞልቶ በበጋ የሚሸሽ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሚደርቅ ውሃ ነው። እናንተ የምትመጡት ክረምቱ እንደወጣ ስለሆነ ጊዜው ጥሩ ነው። ዝይ፣ ዳክዬ፣ ሽመላ ታያላችሁ፤ ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹትም መግባት የሚጀምሩት በዚህ ሰሞን ነው። የሚከፈል ነገር አላየሁም። እናትሽ ከባጃጅ ሳይወርዱ ያያሉ። ዳሩ ጭቃ ነው፣ ለልጁ ቦቲ አድርጊለት። ባይኖኩላር ከጎረቤት ተዋሱ፣ ያለሱ ሩቁ ሁሉ ነጭ ነጥብ ነው።

አረንጓዴ ሐይቅ የሚባለውም አለ። ውሃው እንደዚያ የሆነው ስፒሩሊና በሚባለው አልጌ ነው፤ ፍላሚንጎም ይውልበታል። ግን ከከተማ ወጣ ይላል፣ ለሌላ ቀን ይቆይ። በነገራችን ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ሆራ ወይም ባቦጋያ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፍፎ ካያችሁ፣ መርዝ ተጨመረ ብላችሁ አትደንግጡ። የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝ ወደ ታች ይሰምጥና ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ይወጣል፤ ዓሣው ይታፈናል። ያንን ዓሣ ለቅማችሁ አትብሉ እንጂ።

ባቦጋያ ሰፈር
እናትሽ መንፈሳዊ ቦታ ከወደዱ ዝቋላን ለሌላ ጊዜ ያዙላቸው። ተራራው ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ፣ ጫፉም ላይ ሐይቅ። ንግሡ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው። ዳገቱ ግን ቀልድ አይደለም፣ እስከ ላይ የሚወጣ መኪና ተከራዩ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ነው። ልጅቷ ስልክ ካላት ግቢው አካባቢ ፎቶ እንዳታነሳ ንገሯት። አውሮፕላን ሲነሳ ማየት ግን ነፃ ነው፣ ልጁ ከወፉ በላይ ሊወደው ይችላል።

የመስመሩ ሹፌር
መመለሻውን ልጨምር። ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ሰው ሰልፉ አያልቅም። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃችሁን ሰብስቡ። መንገድ ዳር አትቁሙ፣ መናኸሪያው ገብታችሁ ተሳፈሩ፤ አምስታችሁም አንድ ላይ ትቀመጣላችሁ። ቱሉ ዲምቱ እንደምትወርዱም ለረዳቱ ሳትነሱ ንገሩት፤ በፍጥነት መንገዱ የሚወጣ ከሆነ የት እንደሚያወርዳችሁ ጠይቁ።