ሃይብሪድ ፈጣን መንገድ ላይ ቀጥ እያለ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ «ምንም የለበትም» ይላል

ጥያቄ፦ ማርሽ5

ሰላም ለሁላችሁ። ሃይብሪድ የምታውቁ እስቲ አንድ በሉኝ። መኪናው ባለ 1.8 ሊትር ቤንዚን ሞተር ነው፤ ሁለት ሞተር ጀነሬተርና የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ አለው። 230 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዷል። ከተማ ውስጥ ምንም አይል። ፈጣን መንገድ ላይ በ100 ሲነዳ፣ በተለይ ረጅም ዳገትና ፀሐይ ሲገጣጠሙ፣ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ይበራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ቀጥ ይላል። አጥፍተው ካሳረፉት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

የአምራቹ ወኪል ጋራዥ መጀመሪያ ትንሹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ቀየረ። ችግሩ ሲመለስ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ አጥፍተው «ነድተን አይተነዋል፣ ደህና ነው» አሉ። አሁን ደግሞ ኢንቨርተሩ (የትልቁን ባትሪ ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚቀይረው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ይቀየር እያሉ ነው። ወረቀት አላሳዩም፣ ኮዱም ምን እንደነበር አልተናገሩም። ኢንቨርተር ከመነካቱ በፊት ምን ምን ማጣራት ይቻላል?

መልስ፦ ኩላንት

ኢንቨርተሩ ይቆይ፣ ገና ነው።

መጀመሪያ «ጠፋ» የሚለውን ለሁለት ክፈለው። እነዚህ መኪኖች ሞተሪኖም ዲናሞም የላቸውም፤ ቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሳው ኤምጂ1 የሚባለው ጀነሬተር ነው። ስለዚህ የከፍተኛ ቮልቴጁ ሲስተም ራሱን ከዘጋ ታንኩ ሙሉ ቢሆንም ሞተሩን የሚያስነሳ አይኖርም። ሁለቱ በአጠፋፋቸው ይለያያሉ። ቤንዚኑ ሞተር ከደከመ መኪናው ለጊዜው በባትሪ ይሄዳል፣ የባትሪው ልክ ዓይንህ እያየ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል። ኤሌክትሪኩ ራሱን ሲዘጋ ግን ባትሪው ከግማሽ በላይ ሆኖም «ሬዲ» የሚለው መብራት ይጠፋና በዚያው ያበቃል።

ዳገት፣ ፀሐይ፣ ሲያርፍ መነሳት፦ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኢንቨርተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ይህ ማቀዝቀዣ ከሞተሩ ጋር አይገናኝም። የራሱ መያዣ፣ የራሱ ራዲያተር መስመርና በ12 ቮልት የሚሠራ የራሱ ትንሽ ፓምፕ አለው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሙቀት የማይጨምረውም ለዚህ ነው፤ የሚሞቀው ሌላ ቤት ነው። ፓምፑ ሲያረጅ ባንዴ አይሞትም። ሲቀዘቅዝ ይዞራል፣ ሲሞቅ ይቆማል፣ ሲያርፍ እንደገና ይዞራል።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ጠዋት መኪናው ቀዝቃዛ እያለ ፍሬን ይዘህ «ሬዲ» አድርገው። ኮፈኑን ከፍተህ የኢንቨርተሩን ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) መያዣ ክዳን አንሳ፤ የሞተሩን እንዳትከፍት። በባትሪ መብራት እያየህ ፈሳሹ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲገለባበጥ መታየት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተኛ ወይ ፓምፑ ቆሟል፣ ወይ ፊውዙ ወይም ሪሌው ሄዷል፣ ወይ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ፓምፑ ሶኬት ላይ የኃይል ሽቦውን በሞልቲሜትር ለካው፦ 12 ቮልት ደርሶት የማይዞር ከሆነ ጥፋቱ ባብዛኛው የፓምፑ ነው፤ ቮልት ካልደረሰው ወደ ፊውዝና ሽቦ ሂድ። ይህንኑ ደግሞ ከረጅም ጉዞ በኋላ፣ መኪናው እንደሞቀ ድገመው። ክዳኑን በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ክፈት። ቀዝቃዛ ላይ ብቻ የተደረገ ፍተሻ ነው ብዙ ሰው የሚያታልለው።

ጋራዡ «ደህና ነው» የሚለውም በተንኮል ላይሆን ይችላል። ሰፈር ውስጥ አሥር ደቂቃ ቢነዱት ኢንቨርተሩ አይሞቅም፣ ጥፋቱም አይታይም። ይቅር የማይባለው ኮዱን ማጥፋታቸው ነው። ኮድ ሲጠፋ ፍሪዝ ፍሬሙ አብሮ ይሄዳል፤ ማለትም ጥፋቱ በተፈጠረባት ቅጽበት የተመዘገበው ፍጥነት፣ ሙቀት፣ ቮልቴጅና የባትሪ ልክ።

መልስ፦ ካንዴላ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ፓምፕ አይደለም። ቤንዚኑ ሞተርም ፈጣን መንገድ ላይ ብቻ ሊሰንፍ ይችላል። ከተማ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ስለሚደጉመው ድካሙ አይታወቅም። በ100 ዳገት ሲወጣ ግን ዋናው ሸክም ሞተሩ ላይ ነው። ኃይሉ ካነሰ ባትሪው ጉድለቱን ይሸፍናል፣ ባትሪው ሲያልቅ መኪናው ይቆማል።

በዚህ በኩል የሚመጡት ኮዶች ፒ3190 (የሞተር ኃይል ማነስ)፣ ፒ3191 (ሞተር አለመነሳት) እና ፒ3193 (ነዳጅ ማለቅ) ናቸው። ፒ3190 ሲታይ ቶሎ ወደ ውድ ዕቃ አትሂዱ። የአየር ፍልትሮውን አይታችሁ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ለራሱ በተሠራው ስፕሬይ አጽዱ። ሽቦውን በጣትም በጨርቅም አትንኩት፣ ስስ ነው። ከዚያ የአየር መግቢያውን ክላፔ አጽዱ፤ ጥቁር ጥላሸት ከዳር እስከ ዳር ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ። ይህ ካልፈታው የነዳጅ ግፊት ይለካ። ፒ2121 ወይም ፒ2138 ከመጣ ደግሞ የቤንዚን መስጫው ፔዳል ሴንሰር ነው፤ ውስጡ ያሉት ሁለት መለኪያዎች ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ጉልበት ይቀንሳል።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን የሚሉህም ይኖራሉ። እሱ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ጠዋት ሲነሳ መንቀጥቀጥና የሞተሩ ኩላንት ያለምክንያት መጉደል።

መልስ፦ ብሎክ14

ትልቁ ባትሪም ይታይ፤ ፍተሻው አጭር ነው። በዚህ ዓይነት ባትሪ ውስጥ ባብዛኛው 28 ሞጁል አለ፣ እያንዳንዱ 7.2 ቮልት፣ ድምሩ 201.6። ኮምፒውተሩ የሚለካቸው ግን ሁለት ሁለት እያደረገ ነው፣ 14 ብሎክ። የከፍተኛ ቮልቴጅ ኮምፒውተርን ማንበብ በሚችል ስካነር ዳገት ላይ እየተነዳ (ስካነሩን ሌላ ሰው ይያዘው) የብሎኮቹ ልዩነት ይታይ። 0.2 ወይም 0.3 ቮልት ጤና ነው። አንድ ብሎክ ከሌሎቹ 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ከወረደ አንድ ሴል ሞቷል፤ አንድ ሴል 1.2 ቮልት ስለሆነ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ያኔ ፒ0ኤ80 መምጣቱ አይቀርም።

ርካሹ ኮድ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ስለሚያናግር «ኮድ የለም» ይላል። ይህን አትመኑ። በተጨማሪ ከኋላ ወንበር ጎን ያለውን የባትሪውን አየር መሳቢያ ወንፊት ተመልከቱ፤ አቧራና የእንስሳ ፀጉር ከዘጋው ባትሪው ይሞቃል።

መልስ፦ ቻሲስ ቁጥር

ጥፋቱ በአምራች ደረጃ የታወቀ መሆን አለመሆኑን በቻሲስ ቁጥሩ ማጣራት አይዘንጋ። በይፋ ከሚታወቁት ውስጥ፦ ቶዮታ በ2012 ለሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ የሃይብሪድ ሲስተሙን የውሃ ፓምፕ በነፃ እንዲቀየር ጠርቷል። በ2014 ደግሞ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየሶች ለሶፍትዌር ተጠሩ፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች ከልክ በላይ ሞቀው መኪናው ወደ ቁጥብ ጉልበት ሊገባ፣ አንዳንዴም ሊቆም ይችል ነበር። በ2018 ሌላ ጥሪ መጣ፣ 2.4 ሚሊዮን ገደማ መኪና፤ ጥፋት ሲፈጠር ወደ ቁጥብ ጉልበት መግባት ሲገባው ጭራሽ ኃይል አጥቶ የመቆም ዕድል ስለነበረው። በ2020 ተመሳሳይ ምክንያት ያለው ሌላ ጥሪ ተከተለ።

ሁለት ነገር ለዩ። ሶፍትዌር መጫኑ አስቀድሞ የተጎዳ ትራንዚስተርን አያድንም። መዝገቡ ላይ «ተሠርቷል» ካለ ደግሞ ምን እንደተሠራ ይጠየቅ፦ ሶፍትዌር ብቻ ነው ወይስ ዕቃም ተቀይሯል?

ጠያቂ፦ ማርሽ5

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ኮዱ ዳግም ሲመጣ ሳይጠፋ ተነቧል፦ ፒ0ኤ93፣ ንዑስ ኮድ 346። ፍሪዝ ፍሬሙ ላይ ፍጥነት 98፣ የውጭ አየር 29 ዲግሪ፣ የባትሪ ልክ 61 በመቶ፣ የኤምጂ1 ኢንቨርተር ሙቀት 97፣ የኤምጂ2 (ጎማውን የሚያዞረው ሁለተኛው ሞተር ጀነሬተር) ደግሞ 104። መያዣው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ከጉዞ በኋላ ግን አይንቀሳቀስም። ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት አለ። ኢንቨርተሩ አሁንም ይቀየር ይላሉ።

መልስ፦ ኩላንት

በቃ፣ ተገኘ። ፒ0ኤ93 ማለት የኢንቨርተር ማቀዝቀዣው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ኢንቨርተሩ ራሱ ቢሆን ፒ0ኤ78 ወይም ፒ0ኤ7ኤ፣ ቮልቴጅ ማሳደጊያው ቢሆን ፒ0ኤ94 ትጠብቅ ነበር። ባትሪው 61 ላይ ሆኖ መቆሙ ካንዴላ ያለውን የሞተር ድካም ከጨዋታ ያወጣዋል። ውጭው 29 ሆኖ ኢንቨርተሩ ከ100 ካለፈ ኩላንት እየዞረ አይደለም። ቮልት ደርሶት ሲሞቅ የሚቆም ደግሞ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ይቀየር።

ፓምፑን መቀየር ከባዱ ሥራ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው አየሩን ማስወጣት ላይ ነው። ሲስተሙ የሚይዘው ከ3 ሊትር በታች ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ሮዝ ኩላንት ተጠቀም፤ ውሃ አትጨምርበት፣ አረንጓዴም አትቀላቅል። ሞልተህ፣ የአየር ማስወጫዋን ቡሎን ላላ አድርገህ ቀጭን ቱቦ አያይዝባት። «ሬዲ» ሲሆን ፓምፑ ይዞራል፣ አረፋ ይወጣል፣ መያዣው ይጎድላል። አጥፋው፣ ሙላ፣ ድገም። አረፋው ሲያበቃና የፓምፑ ድምፅ ከመንጫጫት ወደ ለስላሳ ሲለወጥ ቡሎኗን ዝጋ። አየር ከቀረበት አዲሱ ፓምፕ ባዶውን ይዞራል፣ ያው ኮድ ይመለሳል፣ ያኔ ጋራዡ «አላልንህም፣ ኢንቨርተሩ ነው» ይልሃል።

ከዚያ ያው ዳገት ላይ በስካነር ይታይ። ሙቀቱ 60ዎቹ አካባቢ ከቆየ ተፈታ። ኩላንቱ ደህና እየዞረም ሙቀቱ ከወጣ፣ ያኔ ስለኢንቨርተሩ ወይም ስለተደፈነ ራዲያተር እናወራለን።

መልስ፦ ወረቀት ይቅደም

ከጋራዡ ጋር በቃል አትከራከር። የሥራ ትዕዛዙ ላይ «ኃይል ያንሳል» ብለህ አታስጽፍ፤ ምንም ተብሎ ይተረጎማል። እንዲህ ይጻፍ፦ «ፒ0ኤ93-346። በ98 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ላይ፣ ኢንቨርተር 104 ዲግሪ። ሲሞቅ ኩላንት አይዞርም። ፓምፑ እንዲመረመር፤ ኮዱና ፍሪዝ ፍሬሙ ሳይታተም እንዳይጠፋ።» ኢንቨርተር ይቀየር ካሉ የፓምፑንና የፊውዙን የፍተሻ ውጤት በጽሑፍ ይስጡ፣ የፈረመው ባለሙያ ይታወቅ። የተነሳው ዕቃ እንዲመለስልህ ከሥራው በፊት ተናገር፤ ከሥራው በኋላ «ተጥሏል» ነው መልሱ። የሙከራ ጉዞውም ስካነር እየመዘገበ፣ ፈጣን መንገድ ላይ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሁን።

ትንሹን ባትሪ በግምት መቀየራቸውም ደረሰኝ ላይ ይጠየቅ። ባትሪው ሲያድር 12.4 አካባቢና ከዚያ በላይ፣ «ሬዲ» ሲሆን ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ባትሪውም፣ 12 ቮልት የሚሰጠውም ክፍል ደህና ናቸው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ነው፤ ካልለኩት በምን ቀየሩት?

መልስ፦ ብሎክ14

እስኪሠራ ድረስ ፈጣን መንገድ አይውጣ። ድንገት ከተያዘ፦ ሦስት ማዕዘኑ እንደበራ ኃይል ገና እያለ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ ወደ ዳር መያዝ። እየሄደ እያለ የኃይል ቁልፉን ማጥፋት አይገባም፤ መሪውም የፍሬኑ እገዛም ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። ፍሬኑን ደጋግሞ ከመርገጥ አንድ ጊዜ አጥብቆ መያዝ ይሻላል። ቆሞ ሲጠብቅም «ኤን» ላይ አይሁን፣ እዚያ ላይ ትልቁ ባትሪ አይሞላም፤ «ፒ» ላይ ይሁን። ከተጎተተ የፊት ጎማዎቹ መሬት መንካት የለባቸውም፤ ጎማ ሲዞር ሞተር ጀነሬተሩም ይዞራል፣ ኤሌክትሪክም ያመነጫል።

ጠያቂ፦ ማርሽ5

ፓምፑን ሲቀይሩ ከኋላ ያለውን፣ የትልቁን ባትሪ መስመር የሚቆርጠውን ብርቱካናማ ሶኬት መንቀል አለባቸው?

መልስ፦ ኩላንት

ለፓምፑ ብቻ ባብዛኛው አያስፈልግም፤ 12 ቮልቱን መንቀል ይበቃል። ኢንቨርተሩን ወይም ብርቱካናማ ኬብሎችን የሚነካ ሰው ግን ይንቀለው፣ 1000 ቮልት የሚችል ጓንት ያድርግ፣ ነቅሎም ካፓሲተሮቹ እስኪፈሱ 10 ደቂቃ ይጠብቅ፣ ከዚያም በሞልቲሜትር ያረጋግጥ። ሲመልሰው እጀታው መጨረሻ ድረስ ወርዶ መቆለፉን ይይ። ግማሽ ላይ ከቀረ መኪናው «ሬዲ» አይሆንም፣ ፒ0ኤ0ዲ ይመጣል። ከጥገና በኋላ ይህ ኮድ ብቻውን ከታየ መጀመሪያ እጀታውን ነው የምታየው።