ሴንሰር_ሪድ(ዴቭ፣ 500፣ ትሩ፣ ፎልስ)፦ እንዲህ ያለ ፓች (የኮድ ለውጥ) ይለፍ?

ጦሳ፦
ሰላም ጀማው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ላይ ለሚገጠም የሙቀት ሴንሰር የተጻፈ የሊኑክስ ድራይቨር ሪቪው ላይ ነው። ደሴ ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር ይሠራል። ያልተዋጠልኝ ርዕሱ ላይ ያለው መስመር ነው። ጸሐፊው «ፓራሜትሮቹ በኮሜንት ተብራርተዋል» ይላል። ይበቃል?

ቦርከና፦
አይበቃም፣ መልሰው። ኮሜንቱን የሚያየው ፈንክሽኑን የከፈተ ሰው ነው፤ ስህተቱ የሚገባው ግን ፈንክሽኑ በሚጠራበት መስመር ነው። 500 ምንድን ነው? በቀጥታ ወደ ዌይት_ፎር_ኮምፕሊሽን_ታይምአውት (በጊዜ ገደብ ወደሚጠብቀው የከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ፈንክሽን) የሚያልፍ ከሆነ መለኪያው ጂፊ (የከርነሉ የሰዓት ምት) እንጂ ሚሊሰከንድ አይደለም። ኤችዜድ (በሰከንድ ያለው የጂፊ ብዛት) 1000 በሆነበት ከርነል ግማሽ ሰከንድ ነው፤ በ250 2 ሰከንድ፣ በ100 ደግሞ 5 ሰከንድ። ላፕቶፑ 1000 ከሆነ ደሴ ላይ ችግሩ አይታይም። ኮምቦልቻ ያለው ቦርድ 100 ከሆነ ግን ሴንሰሩ መልስ ባጣ ቁጥር ጠሪው 5 ሰከንድ ተገትሮ ይቀራል። ስሙ ታይምአውት_ኤምኤስ ይሁን፤ ወደ ጂፊ የሚለውጠው ኤምሴክስ_ቱ_ጂፊስም ፈንክሽኑ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ይግባ።

ቧንቧ ውሃ፦
እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ትሩና ፎልሱ ነው። ቦታ ቢቀያየሩ ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም፤ ሁለቱም ቡል (እውነት/ሐሰት ብቻ የሚይዝ ታይፕ) ናቸው። የከርነሉ የኮድ አጻጻፍ መመሪያም ቡል ሲበዛ ወደ አንድ ፍላግስ (እያንዳንዱ ቢት የራሱ ትርጉም ያለው አንድ ቁጥር) መሰብሰብን ይመክራል። ፍላጉ በ__ቢትዋይዝ የራሱ ታይፕ ይሰጠው፤ ጂኤፍፒ_ቲ (የከርነሉ የሜሞሪ መጠየቂያ ፍላግ) የተሠራውም እንደዚሁ ነው። ያኔ ተራ ቁጥር ቢገባበት ስፓርስ (የከርነል ኮድ መፈተሻው) ይይዘዋል። ስፓርስን የሚያስነሳው ሜክ ሲ=1 እንደገና የሚኮምፓይሉትን ፋይሎች ብቻ ነው የሚፈትሸው፤ ሁሉንም ለማየት ሲ=2 በሉ።

አንዱ ቡል «ሎኩ (ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ እንዳይነኩት የሚከላከለው ቁልፍ) ተይዟል» ለማለት ከሆነ ግን ፍላግም አይሁን። ሁለት ፈንክሽን ይውጣው፦ ሎኩን ራሱ የሚይዘው ሴንሰር_ሪድ፣ እና ጠሪው ይዞ የሚመጣበት ሴንሰር_ሪድ_ሎክድ። ሁለተኛው ገና ሲጀምር ሎክዴፕ_አሰርት_ሄልድ ይኑረው፤ ሎክዴፕ (የከርነሉ የሎክ አያያዝ መፈተሻ) በበራበት ከርነል ሎክ ሳይዝ የጠራውን ወዲያው ያጋልጣል።

ጦሳ፦
ፎልሱ የሎክ ነው፤ ትሩው «ካልተሳካ ደግመህ ሞክር» ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ፓች ይምጣ?

ቦርከና፦
በፍጹም። የሎኩ ክፍፍል አንድ ፓች፣ ፍላጉ አንድ ፓች። የጊዜ መለኪያው ለብቻው ይሁን፤ ባህሪ የሚቀይረው እሱ ነውና ነገ ጊት ባይሴክት (ችግር ያመጣውን ፓች ፍለጋ) ሲደረግ ተለይቶ መውጣት አለበት። እያንዳንዱ ፓች የራሱን ጠሪዎች በሙሉ አስተካክሎ ይምጣ፤ መሃል ላይ የማይኮምፓይል ፓች ካለ ባይሴክቱ እዚያው ይሰናከላል።