የትምባሆ ገንዘብ የገባበትን ክትባት አለመቀበል ልክ ነበር?

አወያይ፦ የካናዳው ኩባንያ ሜዲካጎ የኮቪድ ክትባት ያመረተው የትምባሆ ዘመድ በሆነ ተክል ነው። አገሩ በፌብሩዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ፈቀደለት። የሲጋራው ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስ ግን የሜዲካጎ ባለድርሻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚህ የተነሳ ክትባቱን ላይቀበለው እንደሚችል በማርች ተናገረ። ልክ ነበር?

ነርስ ከጎንደር፦ በጣም እንጂ! ሲጋራ ሳንባውን ጨርሶት ሁለት ቃል ሳይናገር ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው አስታምማለሁ። በሽታውን የሸጠ ኩባንያ በክትባት ስሙን ሲያድስ ዝም ማለት አልችልም።

የባዮሎጂ መምህር፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ተክሉ ግን ምን አጠፋ? ኒኮቲያና ቤንታሚያና ይባላል፣ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ችግኙን ዘቅዝቀው ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነክሩታል። አየሩን በቫኪዩም መጥጠው ሲለቁት ፈሳሹ ቅጠሉ ውስጥ ይሰርጋል። ባክቴሪያው የኮቪድ ቫይረስን ፕሮቲን የሚያሠራውን ዘረመል ያስገባል፣ ቅጠሉ ፕሮቲኑን ይሠራል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይታጨዳል። የሚገኘው ቫይረስ የሚመስል ባዶ ቅንጣት ነው፤ አይራባም። በሙከራው 71 በመቶ ተከላክሏል። ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት ሳይቀበለው ድሃ አገር እንዳያገኘው ማድረግ የሚቀጣው ማንን ነው?

ነርስ ከጎንደር፦ በ2022 እኮ ሌላ ክትባት ነበረ።

ያገሬ ልጅ፦ በ2014 እ.ኤ.አ.ስ? የኢቦላው መድኃኒት ዚማፕ የተመረተው በዚሁ ተክል፣ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ፣ የሲጋራው ኩባንያ ሬይኖልድስ ንብረት በሆነ ተቋም ነው። መድኃኒቱ የሆነውን ፀረ እንግዳ አካል ቅጠሉ ውስጥ ለማብዛት የትምባሆ ሞዛይክ የተባለ የተክል ቫይረስ ክፍሎችን ተጠቅመዋል። ላይቤሪያ የታመሙ ሁለት አሜሪካውያን ተሰጣቸው፣ ወዲያው ክምችቱ አለቀ። የዚሁ የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች ያኔ ያልተረጋገጠ መድኃኒት መስጠት ተገቢ ነው አሉ።

ነርስ ከጎንደር፦ ሰው እየረገፈ ሌላ ምንም አልነበረማ! ያን እኔም እሰጥ ነበር።

የገበሬ ልጅ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ሳይሆን ማሳው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ፕሮዲጂን የተባለ ኩባንያ የመድኃኒት ፕሮቲን እንዲሠራ የለወጠው በቆሎ አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ ከአኩሪ አተር ጋር ተቀላቀለ። 500 ሺህ ቡሽል (የአሜሪካ የእህል መስፈሪያ) አኩሪ አተር እንዲወገድ ተደረገ። የሚበላ እህል ለዚህ ሥራ ባይነካ እላለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፦ እዚህ ላይ አንድ ነን። ሜዲካጎ የሚያለማው በዝግ ግሪንሃውስ ነበር፣ የማይበላ ተክል። እህቴ፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የጃፓኑ መድኃኒት ኩባንያ ሚትሱቢሺ ታናቤ የፊሊፕ ሞሪስን ድርሻ በ2022 መጨረሻ ገዝቶታል። በፌብሩዋሪ 2023 ሜዲካጎን ሊዘጋው ወሰነ እንጂ፣ ክትባቱ እንደገና ቢቀርብ ትቀበዪው ነበር?

ነርስ ከጎንደር፦ አዎ፣ ያለ ምንም ማቅማማት። ጠቤ ከተክሉ ጋር አይደለም።