ታሊባንን ማነጋገር ወይስ ማግለል? የጅማ ልጆች ክርክር

ሲስተር፦
የዚህ ሳምንት ርዕስ አቅራቢ እኔ ነኝ። የመረጥኩት የአፍጋኒስታን ሴቶችን ጉዳይ ነው። ዓለም ታሊባንን ያነጋግር ወይስ ያግልል? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለታሊባን መንግሥት እውቅና ሊሰጥ አይገባም። ለሕዝቡ የሚሄደው እርዳታ ግን መቋረጥ የለበትም።

ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ ላስታውስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታሊባን ካቡልን መልሶ የያዘው በኦገስት 2021 ነው። ማርች 23 ቀን 2022 የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ትምህርት ይጀመራል ተብለው ሄዱ። በዚያው ቀን ወደ ቤታችሁ ግቡ ተባሉ። በዲሴምበር ዩኒቨርሲቲ ተዘጋባቸው። ቀናት ሳይቆይ በእርዳታ ድርጅቶች መሥራት ተከለከሉ። በ2024 ደግሞ ድምፃቸው በአደባባይ እንዳይሰማ የሚል ሕግ ወጣ።

እኔን ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ የዲሴምበር 2024ቱ ነው። ነርሲንግና አዋላጅነት የሚማሩትንም አስወጧቸው። የቀረቻቸው በር እሷ ብቻ ነበረች። እስቲ አስቡት። በአንዳንድ አካባቢዎች ወንድ ሐኪም ሴት እንዳያክም ይከለክላሉ። ሴቷ እንዳትሠለጥን ደግሞ በመላ አገሪቱ ከለከሉ። ታዲያ ምጥ የያዛትን እናት ማን ያዋልዳት? በ2002 በተደረገ ጥናት እዚያ አገር በ100,000 ወሊድ 1,600 ያህል እናቶች ይሞቱ ነበር። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ በብዙ ወርዷል። ካወረዱት ነገሮች አንዱ በየገጠሩ የሠለጠኑት አዋላጆች ናቸው። አሁን ያሉት ጡረታ ሲወጡ ማን ይተካቸዋል? ማዋለጃ ክፍል የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ ከጀመረ ባለሙያ እስኪፈለግ አይጠብቅም።

ቡና ነጋዴው፦
ሲስተር፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። በማግለሉ ግን አልስማማም። እኔ የገበያ ሰው ነኝ። ባንክ ሲቆለፍ መጀመሪያ የሚራበው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ የነበረው 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል የአፍጋን ማዕከላዊ ባንክ ገንዘብ ታገደ። ከውጭ እህል የሚያስገባው ነጋዴ ክፍያ ማስተላለፍ አቃተው። የመምህራን ደመወዝ ዘገየ። የታሊባን አለቆች ተራቡ ወይ? አልተራቡም። የተራበችው ባሏ የሞተባትና ከሥራ የተባረረችው ሴት ናት። እኛ እዚህ ኤልሲ፣ ማለትም የባንክ የውጭ ንግድ ክፍያ ዋስትና፣ ለጥቂት ሳምንት ሲዘገይብን ስንቱ ቀን ሠራተኛ ቤቱ እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ።

ደግሞ ማግለል የሚሠራው ሁሉም ሲያገል ነው። ሩሲያ በጁላይ 2025 በይፋ እውቅና ሰጠቻቸው። ቻይና አምባሳደራቸውን ተቀብላለች። ጎረቤቶቻቸው ይነግዳሉ። ምዕራባውያን ብቻቸውን በር ቢዘጉ ምን ለውጥ ይመጣል?

የመርካቶ ልጅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ለእኛ ምናችን ነው? እዚህ ያለው ችግር አነሰን? ካቡል የት፣ ጅማ የት!

የአባ ጅፋር ደጋፊ፦
የት እንደሆነ ልንገርህ ወንድሜ። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊካሄድ ሲል ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። አባረሯት። ኢትዮጵያ ከእሷ ጋር ልትጫወት ተመድባ ስለነበር በቀጥታ ፍጻሜ ገባች። ያኔ የእኛ ሰዎች "ጆሃንስበርግ የት፣ አዲስ አበባ የት" አላሉም። አሁንም ስፖርቱ ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። አውስትራሊያ ከአፍጋኒስታን ወንዶች ጋር የነበራትን የክሪኬት ጨዋታ በሴቶቹ ምክንያት ሰርዛለች። ፊፋም በ2025 በስደት ያሉ አፍጋን ሴቶች ቡድን እንዲያቋቁሙ ፈቀደ።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ ጥሩ ቦታ ነካህ። እኔም ልጨምርበት። ይሄን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪው ሁሉ ይገረማል። በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ዛሬ ናሚቢያ የምንላትን አገር ይዛ አፓርታይድን እዚያም ዘርግታ ነበርና። ከእኛ ጋር ድንበር የላትም። አንድም ኢትዮጵያዊ አልተነካም። ያም ሆኖ ከሰስን። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ወሰነና ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ ላይ የሚያስከስስ መብት የላቸውም ተባለ።

ተሸነፍን ማለት ነው። ግን ጉዳዩ በዚያ አልሞተም። አፍሪካ ተቆጣች። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ ላይ የነበራትን የአስተዳደር ሥልጣን ሻረ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ እዚያ መቀመጥ ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ በ1990 ነፃ ወጣች። ሠላሳ ዓመት ነው። ረጅም ነው፣ አልክድም። ነጋዴው ወንድሜ "ምን ለውጥ ይመጣል" ብለሃል። በዚያ ዘመንም የሚነግዱ አገሮች ነበሩ። በርካታ ትልልቅ መንግሥታት ከፕሪቶሪያ ጋር ሽርክና ነበራቸው። በመጨረሻ ግን የአፓርታይድ ስም ራሱ ሸክም ሆነባቸው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ጋሼ እናመሰግናለን። አሁን ያለው ሁኔታ ከ1966ቱ የተሻለ ነው። አፍጋኒስታን በሴቶች ላይ የሚደረግን መድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ስምምነት በ2003 ያለ ምንም ተዐቅቦ፣ ማለትም የትኛውንም አንቀጽ አልቀበልም ሳትል፣ ተቀብላለች። ስምምነቱ አንዱ አባል አገር ሌላውን እንዲከስ ይፈቅዳል። ጀርመን፣ አውስትራሊያ፣ ካናዳና ኔዘርላንድስ በሴፕቴምበር 2024 ይሄንን መንገድ እንደሚጀምሩ አሳውቀዋል። መጀመሪያ ድርድር፣ ካልሆነ ግልግል፣ በመጨረሻ ሄግ።

ሌላው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። ጁላይ 8 ቀን 2025 በታሊባን የበላይ መሪ በሂባቱላህ አኩንዛዳና በዋና ዳኛው በአብዱል ሐኪም ሃቃኒ ላይ የእስር ማዘዣ ወጥቷል። ክሱ በፆታ ምክንያት ማሳደድ ነው። አገራችን የዚህ ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። የሴቶቹን ስምምነት ግን በ1981 አጽድቃለች። የመክሰሻውን አንቀጽ ስላልተቀበለች ራሷ መክሰስ ባትችልም፣ በአቋም ከእነዚያ አራት አገሮች ጎን መቆም ትችላለች። ለምን አትቆምም? በ1960 ከሳሽ የነበረች አገር ዛሬ ዝም ማለቷ እኔን ያንገበግበኛል።

ቡና ነጋዴው፦
ማዘዣው ማንን አሰረ? ያ ፍርድ ቤት ለዓመታት አፍሪካውያንን ብቻ ሲያሳድድ አይተናል። ኃያላኑ ሲነኩ ደግሞ ዳኞቹ ላይ ማዕቀብ ይጣላል።

የሕግ ተማሪዋ፦
አድልዎው እውነት ነው። መፍትሔው ግን ለሁሉም እንዲሠራ መጠየቅ ነው። የካቡሏ ልጅ ፍትሕ እንድታጣ ማድረግ የትኛውን አፍሪካዊ ይጠቅማል?

ኡስታዝ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ የምጨነቀው በሌላ በኩል ነው። ይሄን ክልከላ በሃይማኖታችን ስም ነው የሚያደርጉት። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲዘጉ የግብፁ የእስልምና ትምህርት ማዕከል የአል-አዝሃር ታላቅ ኢማም አሕመድ አል-ጠይብ ውሳኔው ከሸሪዓ ጋር ይጋጫል ብለው በግልጽ ተናገሩ። ሳውዲም ቱርክም ቀጠርም ተቃወሙ። እናታችን ዓኢሻ ትላልቅ ሰሐቦችን ታስተምር ነበር። ጅማ ዙሪያ ስንት ዘመን ደረሳ ሲያስተምር የኖረ አገር ነው። እዚህ ሴት ልጅ አትማር የሚል ሼህ ቢመጣ ማን ይሰማዋል?

ለዚህ ነው ግፊቱ ከሙስሊም አገሮች ሲመጣ ይበልጥ ይሠራል የምለው። በጃንዋሪ 2025 ኢስላማባድ ላይ ስለ ሙስሊም ልጃገረዶች ትምህርት ትልቅ ጉባኤ ነበር። ታሊባን ተጠርቶ ቀረ። በዚያው ወር ግን ከራሳቸው አንዱ፣ የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትራቸው ስታኒክዛይ፣ እገዳው ምንም ምክንያት የለውም ብሎ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ አገር ለቆ ወጣ። ውስጣቸው ልዩነት አለ ማለት ነው። እነዚህን ሰዎች የሚያነጋግራቸው ከሌለ ካንዳሃር ያሉት፣ የበላይ መሪውና አክራሪዎቹ፣ ብቻ ያሸንፋሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን። በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ተማሪዎች ለፈተና እንዳይመዘገቡ ሲከለከሉ ጮኸናል። ትክክል ነበርን። ለዚያች ልጅ ጮኾ ለካቡሏ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የሄርማታዋ እናት፦
ኡስታዝ አላህ ይጠብቅዎ። እኔ ፖለቲካው አይገባኝም። ሸሽተው የወጡት ሴቶችስ ምን ይሆናሉ?

የሕግ ተማሪዋ፦
እትዬ፣ አውሮፓ ለደረሱት መንገዱ ሰፍቷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኦክቶበር 4 ቀን 2024 አፍጋናዊትነቷና ሴትነቷ ብቻ ለጥገኝነት ይበቃል ብሎ ወስኗል። የሚደርሱት ግን ጥቂት ናቸው። ኢራንና ፓኪስታን በገፍ እየመለሱ ነው። ከሚመለሱት ውስጥ ሴቶችም ልጆችም አሉ።

ሲስተር፦
ይሄ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ስኮትላንድ በ2024 አሥራ ዘጠኝ አፍጋናውያን የሕክምና ተማሪዎችን ተቀብላለች። ጥቂት ናቸው፣ ግን ዶክተር ይሆናሉ። የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለምን አይሞክሩም? ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ገጠር አውርዶ ከማኅበረሰቡ ጋር በማስተማር የታወቀ ነው። አንዲት አፍጋናዊት አዋላጅ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ሥልጠና ነው።

ኡስታዝ፣ መነጋገርን አልቃወምም። እንዴት እንደሚነጋገሩ ነው የምቃወመው። በ2024 ዶሃ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ታሊባንን ሲያነጋግር ከዋናው ጠረጴዛ አፍጋናውያን ሴቶች ተገለሉ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ለብቻ ተጠሩ። ታሊባን እንዲመጣ ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነው። ስለ ሴቶች ዕድል ያለ ሴቶች ማውራት ይሄ ነው።

ቡና ነጋዴው፦
እሱ ልክ አይደለም። ሴቶቹ መቀመጥ ነበረባቸው። ግን ሴት ሠራተኛ ካልተፈቀደ እርዳታ ይቁም ማለት ከጀመርሽ እህሉን የሚጠብቁት ልጆች ምን ይብሉ?

ሲስተር፦
ይቁም አላልኩም። የሆነውን ልንገርህ። በዲሴምበር 2022 እገዳው ሲመጣ አንዳንድ ትልልቅ የእርዳታ ድርጅቶች ያለ ሴት ሠራተኞቻችን ሴቶችን ማግኘት አንችልም ብለው ሥራ አቆሙ። በዚያው ጊዜ ሌሎች ከሚኒስትሮቹ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ ጤና ላይ የሚሠሩ ሴቶች እንዲመለሱ ተፈቀደ። የቆሙትም ከፊል ሥራቸውን ቀጠሉ። በየወረዳው እየተደራደሩ ሌላም ፈቃድ አገኙ። ግፊቱም ንግግሩም ባይኖር ያ ፈቃድ አይገኝም ነበር። የመጨረሻውን ካርድ፣ እውቅናን፣ በነፃ ከሰጠሃቸው ግን በምን ትደራደራለህ? ሩሲያ ሰጠች። በምላሹ አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ ወይ?

ቡና ነጋዴው፦
አልተከፈተም። እውቅናው ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። የባንኩ ገንዘብ ላይ ግን አልለቅም። ያ የሕዝቡ ነው። እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

ጋሽ መምህር፦
የገንዘቡን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት አንተ ራስህ አቅርበው። ሰነዱን ይዘህ ና፣ እኔም አነባለሁ።