ራሙ 8 ነው ተብዬ ገዛሁ፤ ተርሚናሉ ግን 7.6 ይላል

ታቦር ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሐዋሳ ለታናሽ እህቴ ያገለገለ ላፕቶፕ በዕቁብ ገንዘቤ ገዛሁላት። ሻጩ «ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው፤ ካልሆነ በሦስት ቀን ውስጥ መልሺ» አለኝ። ማታ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍቼ የራሙን (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን) መጠን ለማየት «ፍሪ ሰረዝ ኤች» ብዬ ብጽፍ ጠቅላላው 7.6 ሆነ፤ «ፍሪ» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ 412 ሜጋባይት ብቻ ቀርቷል። ዲስኩም 465.8 ይላል። ዓመት ሙሉ የጣልኩት ዕቁብ ነውና እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተታልዬ ይሆን?

መንገደኛው፦
8 ተብሎ 7.6 ከሆነ ምን ይጠየቃል? ነገ ጠዋት መልሺለት።

የአዳማው ጠጋኝ፦
እህቴ፣ በእነዚህ ቁጥሮች ሰውየውን አትክሰሺው። አዳማ ላፕቶፕ ስጠግን ይህን ስጋት ደጋግሜ እሰማለሁ። ከራሙ ላይ ጥቂቱን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) እና የምስል ቺፑ ለራሳቸው ይይዙታል። ሊኑክስ ደግሞ ራም ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ አይፈልግም፤ ከዲስክ ያነበበውን ያኖርበትና ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቅለታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዓምድ፣ «አቬይለብል» የሚለውን ተመልከቺ። 465.8ም ያው 500 ነው፤ አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ትእዛዙ በ1024።

እኔን ያሳሰበኝ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ፣ መባሉ ነው። በትንንሽ ፊደል «ኤልኤስቢኤልኬ ሰረዝ ቲ» ብለሽ ጻፊ። «ሮታ» በሚለው ዓምድ፣ በዲስኩ ስም ትይዩ 0 ካለ ኤስኤስዲ ነው፤ 1 ካለ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ራሙ በየማስገቢያው ስንት እንደሆነ ለማየት ደግሞ «ሱዶ ዲኤምአይዲኮድ ሰረዝ ቲ ሜሞሪ» በዪ። የይለፍ ቃል ስትጽፊ ማያው ላይ ምንም አይታይም፤ አትደንግጪ፣ ጽፈሽ ጨርሺና አስገቢው።

ታቦር ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ራሙ ሁለት ባለ 4 ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ ሰውየውን በከንቱ ጠርጥሬው ነበር። ዲስኩ ግን 1 ይላል። ጆሮዬን ከመዳፍ ማሳረፊያው ላይ ባስጠጋ ስስ የመሽከርከር ድምፅ ሰማሁ። እህቴም ሲከፈት ዘገየ ብላኝ ነበር፤ አዲስ ስለሆነባት መስሎኝ ዝም አልኩ። ነገ ማያውን ፎቶ አንስቼ እሄዳለሁ።

የአዳማው ጠጋኝ፦
የእህትሽን ፋይሎች አስቀድመሽ ወደ ፍላሽ ቅጂ። ዲስኩን ሲቀይርልሽም እዚያው ቆመሽ ትእዛዙን ድገሚው፤ 0 ሳታዪ ከሱቁ እንዳትወጪ።