ጓሮ ላይ ሰርቪስ ለመሥራት ላሰባችሁ (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ወገኖች። ኤዲዩ (ADU፣ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ሌላ የሚሠራ ትንሽ መኖሪያ ቤት) ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልግ የጠየቅሽው እህቴ፣ እኔ ጋራዤን ለእማዬ ቤት አድርጌ ጨርሻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ስሙ አያስደንግጥሽ፤ አዲስ አበባ ከትልቁ ቤት ኋላ የምናውቀው ሰርቪስ ነው። እዚህ ግን የራሱ ኩሽና፣ መታጠቢያና መግቢያ በር ሊኖረው ግድ ነው።

ሕጉ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ካሊፎርኒያ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጣም አቅልላዋለች። ከ750 ካሬ ጫማ በታች ከሆነ ከተማው ኢምፓክት ፊ የሚለውን (አዲስ ግንባታ በከተማው አገልግሎት ላይ ለሚያመጣው ጫና የሚከፈለውን) አያስከፍልሽም። አዲስ የምትሠሪ ከሆነ ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ መራቅ ይበቃል። ነባር ጋራዥ ወደ ቤት ከለወጥሽ ደግሞ በቆመበት ይቀራል፤ ለጠፋው ፓርኪንግም ምትክ አትጠየቂም። መልስ በ60 ቀን ይሰጣል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻሽ ከተሟላ በኋላ ነው። አንድ ወረቀት ከጎደለ እንደገና ከሀ ነው።

ጉድ የሚፈላው ከመሬት በታች ነው። የኔ ጋራዥ ከዋናው ቤት ዝቅ ይላል። ፍሳሹ በራሱ ወደ መንገዱ መስመር አይወርድም። ፕላኑ አልቆ፣ ለአርክቴክቱ ከከፈልኩ በኋላ ነው ፓምፕ ያስፈልጋል የተባልኩት። አንቺ መጀመሪያ የቧንቧ ባለሙያ ጥሪና መስመሩን በካሜራ አስፈትሺ። መብራቱንም እንደዚያው። የኔ ቤት ፓኔል (የመብራት ማከፋፈያው ሳጥን) 100 አምፒር ነበር፣ ወደ 200 ማሳደግ ግድ ሆነ። ኤሌክትሪሺያኑ ሳይሄድ ለእንጀራ ምጣዱ የብቻው መስመር አስዘርጊ። ምጣድና ማይክሮዌቭ አንድ ላይ ሲበሩ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመጀመሪያው ኮንትራክተሬ ያገር ልጅ ነበር። 20 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ጠየቀኝ፣ እኔም የእቁብ ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁት። ከሁለት ወር በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። የሚያናድደኝ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ ኮንትራክተር በቅድሚያ መቀበል የሚችለው በአብዛኛው ከ1,000 ዶላር ወይም ከውሉ 10 በመቶ ያነሰውን ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። የፈቃድ ቁጥሩንም አልጠየቅኩ። የስቴቱ የኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ይሉኝታ አያስፈልግም፣ ወንድምሽም ቢሆን እዪ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ለኮንትራክተሩ ሙሉ ብትከፍይውም እሱ ለቧንቧ ሠራተኛው ካልከፈለ፣ ሠራተኛው ቤትሽ ላይ ሊየን (የዕዳ መያዣ) ማስያዝ ይችላል። ስለዚህ በየክፍያው የሊየን መልቀቂያ ወረቀት ተቀበይ። አታፍሪ።

የቤት ታክሱን ለፈራችሁ፦ የዋናው ቤት ግምት እንዳለ ይቆያል፣ የሚጨመረው የአዲሱ ሥራ ዋጋ ብቻ ነው።

እማዬ ከገባች በኋላ አንድ ጣጣ መጣ። ቡና በቆላች ቁጥር የጭስ አላርሙ ይጮሃል። እኔ የገጠምኩት የምድጃ ቬንት (ጭስ መሳቢያ) ጭሱን አጣርቶ እዚያው ክፍል ውስጥ የሚመልስ ዓይነት ነበር። አንቺ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ከአሁኑ ፕላኑ ላይ አስጽፊ። እኔ ያለቀ ጣሪያ አስበስቼ ነው ያስተካከልኩት።