ለፒን የሚሆን የ6 ሚሊ ቀዳዳ በሌዘር ይበሳል?

ጥያቄ፦ 30 ሚሊ ውፍረት ባለው የግድግዳ ግራናይትና እብነ በረድ ጠርዝ ላይ፣ ለብረት ፒን 6 ሚሊ ስፋትና 30 ሚሊ ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ያስፈልጋል። ድሪሉ የቀዳዳውን አፍ ይሸርፋል። ጽሑፍ የሚቀርጸው ባለ 100 ዋት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይህን መሥራት ይችላል?

መልስ 1፦ አይችልም። የቀዳዳው ይዘት 0.85 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ግራናይት ለማቅለጥ በትንሹ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ጁል ይፈጃል። በወረቀት ላይ 100 ዋት ለ40 ሰከንድ ማለት ነው፤ ያታልላል። በተግባር ግን ሙቀቱ ወደ ድንጋዩ ይሰራጫል፣ ጨረሩም ከትኩረት ነጥቡ ጥቂት ሚሊ ሲያልፍ ይሰፋል። ትልቁ ችግር የቀለጠውን ማውጣት ነው። ካልወጣ እንደ መስታወት ታች ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሌዘሩ ያንኑ መስታወት ደጋግሞ ከማቅለጥ አያልፍም። የመቅረጫ ማሽን አየር ሌንሱን ከጭስ ይጠብቃል እንጂ ይህን ለማስወጣት ጉልበት የለውም።

ጠያቂ፦ ባለ ብዙ ኪሎ ዋት ፋይበር ሌዘር ቢገኝስ?

መልስ 2፦ ይበሳል፤ ውጤቱን ግን ድንጋዩ ይወስነዋል። በግራናይት ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቅርጹን ለውጦ በድንገት ያብጣል፤ ድንጋዩም ሳይቀልጥ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ይላጣል። ለጥልቅ ጉድጓድ ቁፋሮ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ከማቅለጥ ያነሰ ኃይል ይበላል። ከፊት ገጽ 12 ሚሊ ብቻ ለሚርቅ ቀዳዳ ግን ስንጥቅ መጥራት ነው። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱ ይጨመርበታል።

እብነ በረድ የባሰ ነው። እብነ በረድ የተሠራበት ማዕድን፣ ካልሳይት፣ ከ800 ዲግሪ በላይ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ኖራ ሆኖ ይቀራል። ፒኑን የሚያጣብቀው ሙጫ፣ ኤፖክሲው፣ የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ድንጋዩን አይሆንም። በኋላ ውሃ ሲደርሰው ኖራው ያብጣል፣ ፒኑም ይላላል። ይህ ጉድለት በተከላው ቀን አይታይም።

መልስ 3፦ መሸራረፉን ማስቀረት ይቀላል። የድሪሉ የመዶሻ ምት ይጥፋ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ነው። 6 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ጣውላ በጠርዙ ላይ በክላምፕ ይታሰር፣ ቢቱ (የድሪሉ መብሻ ጫፍ) እንዳይንሸራተት። ማዕከሉ ከገጹ 15 ሚሊ ይሁን። ዳይመንድ ቢቱ ውሃ ሳይቋረጥበት በቀላል ግፊት ይግባ፤ በየጥቂት ሚሊው ወጣ እያለ ጭቃውን ይጠብ። ሳይታጠብ ከተገፋ ቢቱ ይግላል፣ መቁረጥም ያቆማል፤ ያኔ ሰው ግፊት ይጨምርና ድንጋዩን ይሰብራል። ከኤፖክሲ በፊት ቀዳዳው ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ።